ስሙ በበሩ ላይ የተጻፈለት ጎረቤት

የድጋፍ መኖሪያ የሚባለው፣ ለረጅም ጊዜ ቤት አጥቶ የቆየና ብዙውን ጊዜም የአእምሮ ሕመም ወይም የመጠጥና የዕፅ ሱስ የተደራረበበት ጎልማሳ፣ እንደ ማንኛውም ተከራይ በስሙ ውል ፈርሞ የሚኖርበት፣ ሲያስፈልገውም የነርስና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ እገዛ እዚያው የሚያገኝበት ቤት ነው። መጠለያ የሌሊት አልጋ ሲሰጥ የድጋፍ መኖሪያ ቁልፍ ይሰጣል፤ የመጠለያው ሰው ሲነጋ የሚሰናበት አዳሪ ሲሆን፣ የድጋፍ መኖሪያው ሰው ግን ያለ ሕግ አግባብ ከቤቱ ሊባረር የማይችል ተከራይ ነው። ይህን ሐሳብ በጥቅሉ የሚቃወም ብዙም አይገኝም። ክርክሩ የሚጦፈው ቦታው ሲታወቅ፣ ሕንፃው ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት በሚመላለሱበትና አዛውንት በሚናፈሱበት መንደር መካከል ሊቆም መሆኑ ሲሰማ ነው፤ በዚህ ክርክር ውስጥ ረጅም መንገድ ከሄዱት አገሮች አንዷ ፊንላንድ ናት።

ፊንላንድ የቤት አልባ ዜጎቿን ቁጥር በየዓመቱ መመዝገብ የጀመረችው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት «የቤት አልባዎች ዓመት» ብሎ በሰየመው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ቁጥራቸው 18,000 ገደማ ነበር። ከሁለት ዓመት አስቀድሞ ትልልቆቹ ከተሞች፣ ቤተ ክርስቲያንና ቀይ መስቀል ከሌሎች ማኅበራት ጋር ሆነው ዋይ ፋውንዴሽን የተባለውን ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ ሥራውም በተራ አፓርታማዎች ውስጥ አንድ አንድ ቤት እየገዛ ለብቸኛ ቤት አልባዎች ማከራየት ነበር። የቤት አልባዎች ቁጥር በዚህና በሌሎች ጥረቶች ቢቀንስም፣ ከዓመት በላይ ደጅ የቆዩት፣ በሽታና ሱስ የበረታባቸው ሰዎች ግን ከመጠለያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያም ተመልሰው ወደ መጠለያ መዞራቸውን አላቆሙም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ጳጳስና ሐኪም የሚገኙበት አራት አባላት ያሉት ቡድን ለመንግሥት ያቀረበው ሐሳብ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ገለበጠው። የጽሑፉ ርዕስ «ስም በበሩ ላይ» የሚል ነበር፤ በፊንላንድ አፓርታማዎች የነዋሪው ስም በበሩ ላይ ስለሚጻፍ፣ ስሙ የተለጠፈለት ሰው አድራሻ ያለው ሰው ነው ማለት ነው። ቀድሞ የነበረው አሠራር የደረጃ ሥርዓት ይባላል፤ ሰውየው አስቀድሞ መጠጥ እንዲያቆም፣ ሕክምና እንዲከታተል፣ ጠባዩን እንዲያሳምር ይጠየቅና እያንዳንዱን ደረጃ ባለፈ ቁጥር ወደ ቤት ይቀርባል፤ ብዙዎቹ ግን ከመጨረሻው ደረጃ ሳይደርሱ ይወድቃሉ። አዲሱ አስተሳሰብ «ቤት ይቅደም» የሚል ሲሆን፣ በዚህ ስልት የሥነ ልቦና ባለሙያው ሳም ሴምበሪስ እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ዮርክ ሥራ ጀምሮ ነበር። ሰው በሩን ዘግቶ መተኛት ካልቻለ መድኃኒቱን በሰዓቱ መዋጥም ሆነ ቀጠሮ ማክበር እንዴት ይችላል የሚለው ክርክር ቀላል ቢመስልም፣ ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 በአምስት ከተሞች ከ2,000 በላይ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍላ ፈትናዋለች፤ በጥናቱ የመጨረሻ ስድስት ወራት ቤት ከተሰጣቸው 62 በመቶው ጊዜውን በሙሉ በቤት ውስጥ ሲያሳልፉ፣ በነባሩ አገልግሎት ከቆዩት ይህን የቻሉት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ።

የፊንላንድ መንግሥት ከአሥር ከተሞች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ባካሄደው ፕሮግራም የግንባታው ወጪ እስከ ግማሽ ድረስ በድጎማ ተሸፈነ፤ የድጋፍ ሠራተኞቹን ደመወዝም መንግሥትና ከተሞች እኩል ተካፈሉት። የለውጡ ምልክት ተደርጎ የሚጠቀሰው በሄልሲንኪ አልፒካቱ በተባለው መንገድ ላይ ያለው ሕንፃ ነው። ሳልቬሽን አርሚ የተባለው ክርስቲያናዊ የበጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሰፋፊ የጋራ መኝታ ክፍሎች ያስተዳድረው የነበረው ይህ መጠለያ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የየራሳቸው ወጥ ቤትና መታጠቢያ ወዳላቸው 80 ያህል ቤቶች ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሄልሲንኪ ውስጥ የነበሩት 2,121 የመጠለያ አልጋዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 52 ወርደዋል። የቁጥሩ መቀነስ ብቻውን ስኬት አይደለም፤ አልጋ ያስወገደ ከተማ ቤት ካልተካ ሰዎቹን ወደ ደጅ አወጣቸው ማለት ነው፤ የሄልሲንኪ ጥበብ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረጓ ነበር።

የመንደሩ ነዋሪ ፍርሃት የሚነሳው እንዲህ ያለ ሕንፃ በአቅራቢያው ሊከፈት መሆኑን ሲሰማ ነው፤ ይህን ፍርሃት የጭካኔ ምልክት አድርጎ ማለፍ ደግሞ የዕቅድ አውጪዎች የተለመደ ስሕተት ነው። ፍርሃቱ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የንብረት ነው፦ ቤቴ ዋጋ ይቀንሳል የሚለው። በዚህ ላይ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፈርማን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጥናት 123 የድጋፍ መኖሪያ ሕንፃዎችን፣ 7,500 ያህል ቤቶችን መርምሮ፣ ከሕንፃው በ500 ጫማ ማለትም በ150 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ያሉ ንብረቶች ዋጋ ሕንፃው በመከፈቱ እንዳልወደቀ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ከአካባቢው ጋር ሲነጻጸር እያደገ መሄዱን አሳይቷል። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ቀድሞ ባዶ ወይም የፈራረሱ ቦታዎችን የተኩ መሆናቸው ለዚህ አንድ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛው ፍርሃት ግን በአኃዝ የሚመለስ አይደለም፤ ሌሊት በር ላይ የሚሰማ ጩኸት፣ በደረጃው ላይ የሚቀመጥ እንግዳ፣ ነዋሪዎቹን ተከትሎ የሚመጣ ዕፅ ሻጭ፣ በልጆች መጫወቻ አጠገብ የሚጣል ጠርሙስ አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ የሚደርሱ ነገሮች ናቸው። ይህን የሚክድ ባለሥልጣን ከመጀመሪያው ጠርሙስ በኋላ የሚያምነው አያገኝም።

ስለዚህ ጉርብትና ራሱ በበጀት የሚያዝ ሥራ ሆኖ መታቀድ እንዳለበት የፊንላንድ ልምድ ያሳያል። እዚያ «የጉርብትና ሥራ» የሚባል ተግባር አለ፦ የቤቱ ሠራተኞች በየጊዜው አካባቢውን በእግራቸው ይዞራሉ፣ ከባለሱቁና ከትምህርት ቤቱ ጋር ይነጋገራሉ፣ ቅሬታ ያለው ሰው የሚደውልበትን ስልክ ለጎረቤቶች ያድላሉ፤ ነዋሪዎቹም በቡድን መንገድና መናፈሻ ያጸዳሉ፣ በተወሰነ ቀንም በራቸውን ለመንደሩ ክፍት ያደርጋሉ። ስልኩ ተራ ነገር ቢመስልም፣ ሌሊት የሚያነሳው ሰው ያለው ስልክ ፖሊስ ከመጥራት በፊት የሚሞከር መንገድ ስለሚሆን፣ ጠብ ከመካረሩ በፊት ሊያበርደው ይችላል። የሕንፃው አሠራርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ መግቢያው ከሠራተኞች ክፍል የሚታይ ከሆነ እንግዳ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የሚያጨሱበትና የሚቀመጡበት ግቢ ከውስጥ በኩል ከተሠራ ሰዎቹ ወጥተው ከጎረቤት በር ላይ አይቆሙም። የሌሊት ሠራተኛ ደመወዝ ከበጀት ሲቀነስ የሚከፍለው መንደሩ ነው።

ሕዝብን ስለ ማወያየትም አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። ጎረቤቶች ስለ ሕንፃው ከፍታ፣ ስለ መግቢያው፣ ስለ ሠራተኞቹ ቁጥር፣ ስለ ቅሬታ አቀራረቡ መጠየቅና መልስ ማግኘት መብታቸው ነው፤ እነማን እንደሚገቡ የመምረጥ ወይም የተከራዮቹን የሕክምና ታሪክ የማወቅ መብት ግን የላቸውም፤ አንድ ተራ አፓርታማ ተከራዩን ሲያስገባ ጎረቤትን እንደማያስፈቅድ ሁሉ። ስብሰባው ሲጠራ ይህ ወሰን በግልጽ ካልተነገረ፣ ሰዎች ሕንፃው ይሠራ ወይስ አይሠራ ብለው ድምፅ ሊሰጡ እንደ ተጠሩ አድርገው ይመጣሉ፤ ከዚያም የተታለሉ መስሏቸው ይሄዳሉ።

በፊንላንድ ያልተፈታው ትልቁ ጥያቄ የመጠን ጥያቄ ነው። ሰማንያና መቶ ቤት ያላቸው ሕንፃዎች ሠራተኛን በአንድ ቦታ ለማሰባሰብ ይመቻሉ፤ ነገር ግን ሱስ ለማቆም የሚታገለውን ሰው ከሚጠጣው አጠገብ ያስቀምጣሉ፣ መንደሩም «ያ ቤት» ብሎ እንዲጠራቸው ያደርጋሉ። በየአፓርታማው አንድ አንድ ቤት መግዛት፣ ዋይ ፋውንዴሽን በመጀመሪያ ያደረገው ማለት ነው፣ ይህን ያስቀራል፤ ስብሰባም ተቃውሞም ሳያስነሳ ሰውየው በተራ ጎረቤቶች መካከል ይኖራል። ችግሩ ብቸኝነት ነው። ለዓመታት ከሌሎች ጋር ተፋፍጎ ያደረ ሰው በድንገት ጸጥ ባለ ቤት ሲገባ፣ ወይ ጭር ያለውን ቤት መቋቋም ያቅተዋል፣ ወይም የጎዳና ጓደኞቹን ሁሉ ወደ ቤቱ ይጠራና ውሉን አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ በየቤቱ የሚሄድ የድጋፍ ሠራተኛ የግድ ያስፈልጋል፤ ይህ ሠራተኛ ደግሞ ሕንፃ ስላልሆነ፣ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ነው። የገንዘብ ቅነሳ በሌላ መንገድም ይመጣል፦ በፊንላንድ ለዓመታት ሲቀንስ የቆየው የቤት አልባዎች ቁጥር፣ መንግሥት የቤት ኪራይ ድጎማን ከቀነሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ተመልሶ ከፍ ብሏል።