ፋይሉ የትኛው በር ላይ ቀረ?

«ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ አዲስ አበቤ አይገኝም። ባለፈው ሰሞን ካዛንቺስ፣ የአንድ ወዳጄ የሒሳብ ሥራ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለ እዚያም ሰማሁት። ደንበኞቹ ደረሰኞቻቸውን በስልክ ፎቶ ያነሱና በድረ ገጹ ቅጽ ይልካሉ፤ ኤንኤይትኤን የተባለ ሶፍትዌር ይቀበልና በየደንበኛው ስም ይመዘግባል፤ ወዲያው ለሒሳብ ሠራተኛዋ በቴሌግራም ያሳውቃታል። የዚያን ዕለት አንዱ ደንበኛ የወሩን ደረሰኝ በሙሉ በአንድ 6 ሜጋባይት ፒዲኤፍ ጠቅልሎ ሲልክ፣ 413 የሚል ቁጥር ያለበት ነጭ ገጽ መጣበት። ሲስተሙ ግን ነበረ! የሌሎቹ ደረሰኝ እየገባ ነው። ያ አንድ ፋይል ብቻ አንድ በር ላይ ተከልክሎ ቆሟል። በሩን ፈልጎ ማግኘት እንዴት ደስ እንደሚል ላሳያችሁ።

ኤንኤይትኤን እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ውስጥ ያን ኦበርሃውዘር የጀመረው ሥራ ነው። «ይህ ሲመጣ ያንን አድርግ» እያላችሁ ትንንሽ ሳጥኖችን በመስመር ታያይዛላችሁ፤ የቀረውን እሱ ይሠራዋል። ወዳጄ በራሱ ሰርቨር ላይ የጫነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ክፍያ መፈጸም ለትንሽ ቢሮ ጭንቅ ነው። ሁለተኛ፣ የሰው ሰነድ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሰነዱ የት እንደሚያድር ማወቅ ይፈልጋል። እኔም ደግ አደረገ እላለሁ። ታዲያ ሰርቨሩ የራስ ሲሆን በሮቹም የራስ ናቸው፤ ዘበኛውን የሚያዘው ሌላ ሰው የለም።

ከቢሮው ወጣ ብላችሁ ወደ ኢሲኤ (የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ግቢ ብትሄዱ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያለበት ግቢ ነው። የውጪው በር የራሱ ፍተሻ አለው፤ ውስጥ ያለው ሕንጻ ደግሞ የራሱ። አንዱን ማለፍ ሌላውን ማለፍ አይደለም። ፋይልም እንዲሁ ነው የሚጓዘው።

የወዳጄ ሰርቨር የውጪ በር ኢንጂንኤክስ ነው፤ ከኢንተርኔት የሚመጣውን ሁሉ ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው እሱ ነው። ካልነገራችሁት በስተቀር ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ ነገር አያስገባም። የከለከለው እሱ መሆኑን እንዴት አወቅን? የስሕተቱን ገጽ እስከ ታች ማንበብ ነው፤ ከ413 በታች የራሱን ስም ጽፎ ነበር። ማዋቀሪያ ፋይሉን ከፍተን «ክላይንት ማክስ ቦዲ ሳይዝ» የምትለውን መስመር 50 ሜጋባይት አልናት፣ አጻጻፉ ትክክል መሆኑን አስፈተሽን፣ ኢንጂንኤክስን አዲሱን እንዲያነብ አዘዝነው። ፒዲኤፉ ገባ።

ወዳጄ ደስ ብሎት «እንግዲያው አንድ ሳጥን እንጨምርበት» አለኝ። የሦስት ደንበኞችን ፒዲኤፍ ይዞ አዲሱን ሳጥን ብቻ ሲሞክር ሌላ ስሕተት መጣ፦ ያለው የሥራ ዳታ በጣም ትልቅ ነው የሚል። እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው፤ ፋይሉ እኮ አስቀድሞ ገብቷል፣ ታዲያ ማን ከለከለው? ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱን ሳጥን ነጥላችሁ ስትሞክሩ፣ ከእሱ በፊት የነበሩት ሳጥኖች ያወጡት ውጤት ብራውዘራችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ብራውዘሩ ያንን ሁሉ መልሶ ወደ ሰርቨሩ ይልከዋል። ኤንኤይትኤን ደግሞ በዚህ በር በአንድ ጊዜ የሚቀበለው፣ ካልተቀየረ፣ 16 ሜጋባይት ነው።

እዚህ ላይ የተደበቀ ሒሳብ አለ። ፋይሉ በጽሑፍ መካከል እንዲጓዝ ቤዝ 64 በሚባለው መንገድ ወደ ፊደል ይቀየራል፤ እያንዳንዱ 3 ባይት 4 ይሆናል። ስለዚህ 16 ሜጋባይቱን ለመሙላት 12 ሜጋባይት ፋይል ይበቃል። የእኛ ሦስት ፒዲኤፎች 18 ነበሩ፤ ሲቀየሩ 24 ሆኑ።

ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ጣሪያውን ያነሳል፤ «ፔይሎድ ሳይዝ ማክስ» የሚባለውን ቅንብር 64 ወይም 200 ይለዋል። ይሠራል። እኔ ግን በቅድሚያ ፋይሉ ራሱ ከዳታው እንዲወጣ አደርጋለሁ። በቆዩት ስሪቶች ፋይሉ ሳይታዘዝ የሚቀመጠው ሜሞሪ ላይ ነው፤ «ባይነሪ ዳታ ሞድ» የሚለውን «ፋይልሲስተም» ስትሉት ዲስክ ላይ ያርፍና በሳጥኖቹ መካከል የሚዞረው መጠቆሚያው ብቻ ይሆናል። መዝገብ ቤት ፋይሉን ቆልፎ ቁጥሩን ብቻ እንደሚሰጣችሁ ማለት ነው። ጣሪያውን ያለ ልክ ካነሳችሁ ግን ዕዳው ሜሞሪ ላይ ይወድቃል፤ 2 ጊጋባይት ራም ያላት ሰርቨር ትልቅ ዳታ በአንዴ ስትሸከም ፕሮግራሙ ይሞታል፤ ያን ጊዜ በእርግጥም ሲስተም የለም። አንድ ሺህ ደረሰኝ ካለ በሃምሳ በሃምሳ ከፋፍሎ ማስተናገድ ይሻላል።

አንድ ሰዓት ያህል የወሰደብንን ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ቅንብሩን ቀይረን፣ ኤንኤይትኤንን የሚያስነሳልንን ዶከር ኮምፖዝን «ሪስታርት» አልነው፤ ምንም አልተለወጠም። ሪስታርት ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ያንኑ አሮጌ ኮንቴይነር ነው የሚያስነሳው። አዲሱ ቅንብር እንዲገባ በ«አፕ» ትእዛዝ ኮንቴይነሩ እንደገና መፈጠር አለበት።

ሁሉም ሠርቶ ልንነሳ ስንል ቴሌግራሙ እምቢ አለ። ከማሳወቂያው ሥር ሠራተኛዋ የደንበኛውን አካባቢ የምትመርጥበት አዝራር ላይ ችግር አለ ይላል። ይኼኛው የእኛው የፊደል ጉዳይ ነው! በአማርኛ ኤስኤምኤስ ስትጽፉ አንዱ መልእክት በ70 ፊደል እንደሚያልቅ፣ በእንግሊዝኛ ግን 160 እንደሚይዝ አስተውላችኋል? ኮምፒውተር ውስጥም ተመሳሳይ ነው፤ ዛሬ በስፋት በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ይወስዳል። «ሰላም» 9 ባይት ነው። የቴሌግራም አዝራር ሲነካ ከኋላ የሚላከው መልእክት ደግሞ ከ64 ባይት ማለፍ አይችልም።

ወዳጄ የጻፈው «ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ አካባቢ።» የሚል ነበር። በጣታችን ቆጠርነው። ከነነጠላ ሰረዙ 20 ምልክት፣ 60 ባይት፤ 4 ክፍተት፣ 4 ባይት፤ ድምር 64። ልክ አፋፉ ላይ! ከልኩ ያሳለፈችው መጨረሻ ላይ ያስቀመጣት አራት ነጥብ ናት፤ እሷም እንደ ፊደል 3 ባይት ትወስዳለች፤ 67 ሆነ። አራት ነጥቧን ብቻ ብናነሳ ያልፍ ነበር፤ ነገር ግን ነገ ረዘም ያለ የሰፈር ስም ይመጣል። ስለዚህ አዝራሩ ላይ የሚነበበውን ከነአራት ነጥቡ ተውነው፤ ከኋላው የሚላከውን «ቀ7» አልነው። 4 ባይት።