የእግር ኳስ የውድድር ዘመንና የነጋዴው ሒሳብ

ንግድ ሰው ከተሰበሰበበት የሚደራ ሥራ እንደ መሆኑ መጠን፥ ሕዝብን የሚሰበስበውን ነገር ሁሉ መርምሮ ማወቅ የነጋዴ ተግባር ነው። በአዳማና በመልካሳ፥ በሞጆና በሻሸመኔ ሕዝብን ከሚሰበስቡት ነገሮች አንዱ እግር ኳስ መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ይሁን እንጂ ከባለሱቆች ብዙዎቹ ጨዋታውን የሚመለከቱት በተመልካች ዓይን እንጂ በነጋዴ ዓይን አይደለም። ስለዚህ አንድ ቡድን በከፍተኛው ክፍል የሚያሳልፈው የውድድር ዘመን እንዴት እንደሚሠራ፥ ገንዘቡ ከወዴት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፥ ለከተማው ነጋዴም ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጎድል መግለጽ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ለቡድን ዕቃ በዱቤ የሚሰጥ፥ ለውድድር ሰሞን ሸቀጥ የሚያከማች፥ በማልያ ላይ ለሚጻፍ ማስታወቂያ ገንዘብ የሚያወጣ ሁሉ፥ ቢያውቀውም ባያውቀውም፥ ሒሳቡን በዚህ ላይ ይመሠርታልና።

ዘመኑ የሚቆጠርበት ደንብ

የውድድር ዘመን ማለት እያንዳንዱ ቡድን ከሌሎቹ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ የሚገናኝበት ወራት ነው። በ2016 ዓ. ም. በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ 16 ቡድኖች ስለ ነበሩ እያንዳንዱ 30 ጨዋታ ተጫውቷል። በእንግሊዝ አገር 20 ቡድኖች ስላሉ የአንዱ ድርሻ 38 ጨዋታ ነው። ያሸነፈ 3 ነጥብ፥ አቻ የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል፤ የተሸነፈ ምንም አያገኝም። ቀድሞ ለአሸናፊው ይሰጥ የነበረው 2 ነጥብ ሲሆን፥ እንግሊዞች በ1981 እ. ኤ. አ. ወደ 3 ከፍ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጨዋታ አቻ የወጣ ቡድን 2 ነጥብ ሲይዝ፥ አንዱን አሸንፎ በሌላው የተሸነፈ ግን 3 ይይዛል። ሳይከስሩ ሳያተርፉ መቆየት ዋጋው የወደቀው በዚህ ደንብ ምክንያት ነው።

ከንግድ የሚለየው ዋናው ነገር ግን መውረድ የሚባለው ነው። ባለሱቅ በአንድ ዓመት ገበያ ቢቀዘቅዝበት በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሱቅ፥ በዚያው መንገድ ዳር ይሠራል። በመጨረሻው ደረጃ ላይ የተገኘ ቡድን ግን ከነጭራሹ ከገበያው ይወጣና ተመልካቹም ገቢውም ወደሚያንስበት ወደ ታችኛው ክፍል ይሄዳል። የተጫዋቾቹ ውልና የሠራተኞቹ ደመወዝ ግን አብሮት አይወርድም። ብዙ ቡድኖች በዕዳ የሚያዙት በዚህች መጋጠሚያ ላይ ነው።

በአንድ በር ገብተው በሁለት በር የወጡ

ለዚህ ከ2016 ዓ. ም. ውድድር የበለጠ ግልጽ ምሳሌ የለም። በዚያ ዘመን ከታችኛው ክፍል አድገው የገቡት ሦስት ነበሩ፤ እነርሱም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፥ ሻሸመኔ ከተማና ሐምበሪቾ ናቸው። ንግድ ባንክ እስከ ውድድሩ ማብቂያ ከመቻል ጋር ተፎካክሮ ዋንጫውን ወሰደ። ሻሸመኔና ሐምበሪቾ ግን በገቡበት ዓመት ተመልሰው ወረዱ። ሦስቱ በአንድ በር ገብተው አንዱ በላይኛው፥ ሁለቱ በታችኛው በር ወጡ ማለት ነው።

ልዩነቱን ገንዘብ ብቻ አመጣው ማለት የሚያስቸኩል ፍርድ ይሆናል። ከኋላው ጽኑ መሥሪያ ቤት ያለው ቡድን ሁሉ ዋንጫ አይወስድምና። ሆኖም የባንክ ቡድን ደመወዝ በየወሩ መክፈል ሲችል፥ የከተማ ቡድን ግን በጀት እስኪለቀቅ መጠበቁ አይቀርም። ደመወዙ ያልተከፈለው ተጫዋች ልምምድ ሲያቆም በአገራችን ደጋግመን ሰምተናል፤ ያልሠለጠነ ቡድንም ነጥብ አይሰበስብም።

የአንድ ዓመት ድል ደግሞ ዘላቂ ሀብት አይደለም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ. ም. እንዲሁ አድጎ በመጣበት ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ ነበር፤ በ2014 ዓ. ም. ግን ወረደ። በእንግሊዝም ኖቲንግሃም ፎረስት ባደገበት በ1977/78 እ. ኤ. አ. ዘመን ዋንጫውን ወስዶ፥ ኋላ ግን የወረደበት ጊዜ መጥቷል።

ከዚህ ሁሉ ለነጋዴ የሚቀርበው የሌስተር ሲቲ ታሪክ ነው። የቡድኑ ባለቤት የነበሩት ቪቻይ ሲሪቫድሃናፕራባ የታይላንድ ሰው ሲሆኑ፥ ሀብታቸውን ያገኙት በአውሮፕላን ማረፊያ ከቀረጥ ነፃ ዕቃ በመሸጥ ነው። ቡድናቸው በ2014/15 እ. ኤ. አ. ለመውረድ ጥቂት ሲቀረው ከመጨረሻዎቹ 9 ጨዋታዎች 7ቱን አሸንፎ ተረፈ። በሚቀጥለው ዘመን በአሠልጣኙ ክላውዲዮ ራኒዬሪ እየተመራ 23 ጊዜ አሸነፈ፥ 12 ጊዜ አቻ ወጣ፥ 3 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። 69 እና 12 ሲደመር 81 ነጥብ ሆነና ሁለተኛውን አርሴናልን በ10 ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። ዘመኑ ሲጀመር አወራራጆች ለዚህ ድል የሰጡት ዋጋ አንድ ለ5,000 ነበር። ነገር ግን በሰባት ዓመቱ፥ በ2022/23 እ. ኤ. አ.፥ ይኸው ቡድን ወረደ።

ገንዘቡ ከወዴት ይመጣል

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ1992 እ. ኤ. አ. ሲቋቋም ዋናው ምክንያት የቴሌቪዥን ገንዘብ ነበር። ከአገር ውስጥ ስርጭት የሚገኘው ገቢ ግማሹ ለሁሉም እኩል ይከፈላል፤ ሩቡ እንደ ደረጃቸው፥ ሩቡ ደግሞ ጨዋታቸው በቴሌቪዥን እንደ ታየበት ብዛት ይደለደላል። ስለዚህ የመጨረሻው ቡድን እንኳ ባዶ እጁን አይሄድም።

ሁለተኛው ገቢ ተጫዋች መሸጥ ነው፤ ይህን ላኪ ነጋዴ ፈጥኖ ይረዳዋል። ሌስተር ንጎሎ ካንቴን በ2015 እ. ኤ. አ. ከፈረንሣዩ ካን ቡድን ስድስት ሚሊዮን ፓውንድ በማይሞላ ዋጋ ገዝቶ፥ በዓመቱ ለቼልሲ ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሸጠው። ይህ ሊሆን የቻለው ተጫዋቹ የረዥም ጊዜ ውል ስለ ነበረው ነው። ከ1995 እ. ኤ. አ. የቦስማን ፍርድ ወዲህ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዋጋ ይሄዳል። በአገራችን የተጫዋቾች ውል ብዙውን ጊዜ ከአንድና ከሁለት ዓመት ስለማያልፍ፥ ቡድኖች በየዓመቱ እንደ አዲስ ይገዛሉ እንጂ የሚሸጡት የላቸውም። በጎተራ ያለ እህል ሳይሸጥ ባለቤትነቱ እንደሚያልቅ መቁጠር ነው። የደመወዙን ንረት ለመግታት በ2011 ዓ. ም. መጨረሻ ገደማ የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ ገንዘቡ በሌላ መንገድ መከፈሉ ግን ውሳኔውን አላላው።

ውድድሩ ወደ አዳማ ሲመጣ

የ2012 ዓ. ም. ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከተሰረዘ በኋላ፥ በ2013 ዓ. ም. አዲስ ሥርዓት ተጀመረ። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከዲኤስቲቪ ጋር የአምስት ዓመት ውል ተዋውሎ፥ ቡድኖች ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት እንዲጫወቱ፥ ከዚያም ወደ ሌላው ከተማ እንዲዛወሩ ተደረገ። አዳማም በ2014፥ በ2015ና በ2016 ዓ. ም. ውድድሩን በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም አስተናግዳለች።

ይህ ሥርዓት ለእንግዳ ተቀባዩ ከተማ ሲሳይ፥ ለሌላው ከተማ ጉዳት ነው። የሻሸመኔ ቡድን በከፍተኛው ክፍል በነበረበት ዓመት የሻሸመኔ ባለሱቅ በደጁ የሚደረግ ጨዋታ አላየም፤ ቡድኑም ከገዛ ሜዳው የመግቢያ ገንዘብ አልሰበሰበም።

ለአዳማና ለመልካሳ ግን ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከአንድ ቡድን ጋር ተጫዋቹ፥ አሠልጣኙና ሐኪሙ ተደምሮ 30 ሰው ይመጣል ብንል፥ 16 ቡድን 480 ሰው ይሆናል። በቀን ሦስት ጊዜ ሲበሉ 1,440 ማዕድ ነው፤ ይኸውም ለሳምንታት። ተመልካች ለሁለት ሰዓት መጥቶ ለስላሳና ቆሎ ገዝቶ ይሄዳል፤ ቡድን ግን ሆቴል ይዞ ይቀመጣል። እንግዲህ ዋናው ገበያ ያለው በስታዲየሙ በር ሳይሆን በሆቴሉ ወጥ ቤት ነው። ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው መልካሳ ለዚህ የተመቸች ናት። በአዋሽ ውኃ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ቅርብ ነው፤ አዳማ ቀይ የተባለውን የሽንኩርት ዘር ያወጣውም የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ከሆቴሉ ጋር አስቀድሞ በዋጋና በመጠን የተዋዋለ አቅራቢ፥ ስታዲየም በር ላይ ዣንጥላ ከዘረጋው ይልቅ የተረጋገጠ ሽያጭ አለው።

ጉዳቱም መታወቅ አለበት። ውድድሩ እንደ መጣ ይሄዳል፤ ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ሲባልም መርሐ ግብሩ ይቋረጣል። ለሦስት ወር ብሎ ሸቀጥ ያከማቸ ሰው፥ ቡድኖቹ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሐዋሳ ሲዛወሩ ዕቃው በእጁ ይቀራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

ለነጋዴ የሚበጅ

ከዚህ በላይ ከተነገረው አራት ምክር ይወጣል።

1ኛ፤ ለቡድን በዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ የቡድኑን ደረጃ ብቻ ሳይሆን በጀቱ ከማን እንደሚወጣና መቼ እንደሚለቀቅ ይጠይቅ። ክፍያው ከውድድሩ ማብቂያ በፊት እንዲጠናቀቅ በጽሑፍ ይዋዋል። ከወረደ በኋላ ዕዳ መጠየቅ አድካሚ ነውና።

2ኛ፤ የማልያ አስመጪ የእንግሊዝ ውድድር በነሐሴ ተጀምሮ በግንቦት እንደሚያልቅና ማልያው በየዓመቱ እንደሚለወጥ ያስታውስ። ከጥቅምት በኋላ የገባ ማልያ ለመሸጫ የቀሩት ወራት ጥቂት ናቸው፤ ያለፈው ዓመት ማልያም በቅናሽ እንጂ በሙሉ ዋጋ አይሸጥም። የንግድ ምልክት አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ማስገባት በሕግ እንደሚያስጠይቅም አይዘንጋ።

3ኛ፤ በቡድን ማልያ ላይ ስሙን ለማስጻፍ የሚያስብ ድርጅት ለአንድ ዓመት ብቻ አይዋዋል፤ ቡድኑ ቢወርድ ክፍያው በምን ያህል እንደሚቀነስም በውሉ ያስገባ። እንግሊዞች ይህን አንቀጽ በተጫዋች ውል ውስጥ ጭምር ይጽፉታል።

4ኛ፤ አንድ ባለሱቅ ብቻውን ለሆቴል ሊያቀርብ የማይችለውን፥ አምስት ስድስት ሆነው ሊያቀርቡት ይችላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፥ የመልካሳ አትክልት ነጋዴዎች ውድድሩ ከመምጣቱ በፊት በአንድነት ቢዋዋሉ ዋጋውም መጠኑም ይጸናል።

የዋንጫውን ባለቤት አስቀድሞ መናገር ለማንም አልተሰጠም፤ አንድ ለ5,000 የተባለው እንኳ ሆኖ ታይቷል። ነገር ግን ቡድኖች እንደሚበሉ፥ እንደሚያድሩ፥ እንደሚዛወሩና ከመካከላቸውም የሚወርዱ እንዳሉ የታወቀ ነው። ደጋፊ በማይታወቀው ይደሰት፤ ነጋዴ ግን መዝገቡን በታወቀው ላይ ይጻፍ።