ስለ አዲስ የካሚዮን ሾፌር ገቢና ስለ ነጋዴው ድርሻ

ክቡራን ነጋዴዎች፤ አንድ ጎልማሳ የከባድ ጭነት መንጃ ፈቃዱን ይዞ ሥራ ለመጠየቅ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው የወር ደመወዙ ስንት እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ ከወር ደመወዝ ላይ አይገኝም። በጂቡቲ መንገድ የሚሠራ ሾፌር ቤቱን የሚያቆመው ይልቁንም በየቢያጆው በሚታሰብለት አበል ነው። እንግዲህ ገቢውን የሚወስነው በወር ውስጥ ስንት ጊዜ ደርሶ መመለሱ ነው ማለት ነው።

በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት የአሰብ በር ከተዘጋብን ወዲህ፥ የምናስመጣውና የምንልከው ዕቃ አብዛኛው በጂቡቲ ያልፋል። በ2010 ዓ.ም. አዲሱ የባቡር መሥመር የንግድ አገልግሎት ቢጀምርም የካሚዮኑን ሥራ አላስቀረም፤ በባቡር የመጣውንም ኮንቴይነር ከጣቢያ ወደ መጋዘን የሚያደርሰው ይኸው ካሚዮን ነው። በአዋሽ፥ በሚሌና በጋላፊ የሚያልፈው መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ለምሳሌ ያህል አንድ ካሚዮን ከመጫን እስከ ማራገፍ አንዱን ቢያጆ በ10 ቀን ቢፈጽም በወር 3 ጊዜ ይመላለሳል። ነገር ግን በየቢያጆው አንድ ሰነድ ጎድሎ በጉምሩክ 2 ቀን፥ ጫኝና አውራጅ ጠፍቶ በነጋዴው መጋዘን በር 3 ቀን ቢቆም፥ ቢያጆው 15 ቀን ይፈጃል፤ በወርም 2 ብቻ ይሆናል። ሾፌሩ አንዲት ጥፋት ሳያጠፋ የአበሉን ሢሶ አጣ። ባለ ካሚዮኑም የኪራዩን ሢሶ እንዲሁ አጣ። ኮንቴይነሩ በጊዜው ባለመመለሱ የሚቆጠረው ዲመሬጅ ደግሞ በአስመጪው ላይ ይወድቃል። በመዝገብ ቤት ተቀምጠን ደረሰኝ ስናገላብጥ የምንውል ሰዎች እንደምናየው፥ ብዙው ኪሳራ የሚመጣው መኪናው ቆሞ ሳለ ነው።

አዲሱ ሾፌር ግን ሌላም ፈተና አለበት። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው የአዲስ አበባ ከፍታ ተነሥቶ እስከ ባሕር ጠረፍ ሲወርድ፥ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ሳይሆን በፍሬን ብቻ ለመያዝ ቢሞክር ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል። በአፋር ሙቀት ደግሞ ነፋሱ ያልተስተካከለ ጎማ በቶሎ ይፈነዳል፤ ጎሚስታም በየሥፍራው አይገኝም። ስለዚህ ብልህ ባለ ንብረት አዲሱን ሰው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቢያጆዎች ከነባር ሾፌር ጋር ያሠራዋል፤ ተሳቢ ያለውንም መኪና ወዲያው አይሰጠውም። በዚህ ጊዜ የሚከፈለው ጥቂት ተጨማሪ ገንዘብ ከአንድ ሞተር ዋጋ ጋር ከቶ አይወዳደርም።

ደመወዙን እጅግ አሳንሶ ሁሉን ነገር በቢያጆ ላይ መጣልም አደገኛ ነው። እንዲህ ያለው ሾፌር ሌሊቱን ሳይተኛ ይነዳል፤ ከሚዛን በላይ ይጭናል፤ አንዳንዱም ናፍጣ ቀድቶ ይሸጣል። ሌባ ነው ብሎ መርገም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ልጆቹን የሚያበላበት ደመወዝ ያለው ሰው ለዚህ የሚፈተነው በጥቂቱ ነው። በየቢያጆው ታንኩ ተለክቶ ከተፈቀደው ናፍጣ ላተረፈ ሾፌር የትርፉን ግማሽ መስጠት፥ እኛ እስከምናውቀው ድረስ፥ ከዘበኛ ይሻላል።

በአንዳንድ መንገዶች በቅርብ ዓመታት ሾፌሮች መታገታቸውና መገደላቸው የታወቀ ነው። በእነዚህ መንገዶች የሚሰጠው ከፍ ያለ አበል የነፍስ ዋጋ ስለሆነ፥ ለጀማሪ እንደ መልካም ደመወዝ ተቆጥሮ ሊነገረው አይገባም።

ውል ስትዋዋሉ ደመወዙ፥ የቢያጆው አበልና የናፍጣው ልክ በጽሑፍ ይግባ። ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው የመቆሚያ ቀን ነው፤ መኪናው በመጋዘን በር ከ1 ቀን በላይ ቢቆም ለሾፌሩ የቀን አበሉን የሚከፍለው ባለ ጭነቱ ይሁን ባለ ካሚዮኑ፥ ጭነቱ ከወደብ ሳይነሣ ይጻፍ።