የጎማው ክረምት የእኛ ክረምት አይደለም

ሰኔ ሲገባ ጎማ ተራ ይሞቃል። በጋውን በተላጨ ጎማ ሲመላለስ የከረመ ሾፌር መርካቶን የሚያስታውሰው የመጀመሪያው ዝናብ አስፋልቱን አርሶ፣ ፍሬን ሲይዝ መኪናው እንደ ሳሙና ሲያመልጠው ነው። እኔም ከዚያው ወገን ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንዲህ ያለ ሰሞን አንድ ሻጭ አራት ጎማ አንከባሎ ፊቴ አቆመልኝ። ጥርሱ ጥልቅ ነው፤ ላስቲኩ በጣት ሲጫኑት ይለሰልሳል፤ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ ተራራው ውስጥ ደግሞ የበረዶ ቅንጣት ተስሎበታል። «የክረምት ጎማ ነው ወንድሜ፤ ለዚህ ዝናብ ከዚህ የተሻለ አታገኝም» አለኝ። ግማሹን እውነት ነው የተናገረው። የማን ክረምት እንደሆነ እሱም አላለኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት። ገዛሁት። ዓመት ሳይሞላው እንደ ላጲስ ተፍቆ አለቀ።

ጣጣው ከቃሉ ይጀምራል። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጎርፍና ጉም ማለታችን ነው። ያን ጎማ የሠሩት ሰዎች ክረምት ሲሉ ምድሩ ነጭ ለብሶ፣ መንገዱ እንደ መስታወት የሚሆንበትን ወራት ማለታቸው ነው። በረዶም ቢሆን እኛ የምናውቀው ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው።

ላስቲክ ከቅቤ ብዙም አይለይም፤ ሲበርደው ይደርቃል፣ ሲሞቀው ይለሰልሳል። ጎማ መንገድ የሚይዘው ደግሞ ልስላሴው ከአስፋልቱ ሸካራነት ጋር ሲገጥም ነው። ለሙቀት የተሠራው፣ ፈረንጆቹ የበጋ ጎማ የሚሉት፣ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየወረደ ሲሄድ መድረቅ ይጀምራል። የእነሱ የክረምት ጎማ ግን ከዚያ በታችም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ የተቀመመ ነው፤ ጥርሶቹም በረዶ እንዲነክሱ በቀጫጭን ስንጥቆች ተከታትፈዋል። ይህን ጎማ ሞቃት አስፋልት ላይ ሲያስኬዱት ጥርሶቹ እየተወላገዱ ይፈገፈጋሉ፤ ፍሬን ሲያዝም መኪናው ከልኩ አልፎ ይቆማል።

አዲስ አበባ በሐምሌ ቀን ቀን 20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሌሊቱም 10 ዲግሪ አካባቢ ያድራል። ቁሩ የሚበረታው እንዲያውም በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ነው፤ ያን ጊዜ ግን መንገዱ ደረቅ ነው። ስለዚህ ነገሩ ይገለበጣል፦ ለእኛ ክረምት የሚስማማው የእነሱ የበጋ ጎማ ነው። ሰፋፊ የውሃ መውረጃ ቦዮች ስላሉት እርጥብ መንገድ አያስፈራውም፤ የእነሱ በጋ ራሱ ዝናብ ያለበት ነው። ዓመቱን ሙሉ ከተማ ውስጥና በአስፋልት ለሚነዳ መኪና እኔ የምመርጠው ይህንን ወይም ለሁሉም ወቅት የተባለውን መካከለኛ ጎማ ነው። መካከለኛው ላይ ብዙ ጊዜ ኤምና ኤስ የሚሉ ፊደሎች ይታያሉ፤ ጭቃና በረዶ ለማለት ነው። ፊደሎቹን አምራቹ በራሱ ፈቃድ ይጽፋቸዋል፤ ባለ ተራራው ምልክት ግን በበረዶ ላይ ተፈትኖ ላለፈ ጎማ ብቻ የሚሰጥ ነው። ገጠር ለሚወጣና ጭቃ ለሚገባ ባለ ፎር ዊል ባለ ትልልቅ ጥርሱ ጎማ አለ፤ ቀለበት መንገድ ላይ ግን ጩኸቱን ችሎ መኖር ነው።

ያ የበረዶ ጎማ እዚህ ምን ይሠራል ያላችሁ እንደሆነ፣ አንዱ መንገድ ያገለገለ መኪና ነው። ከአውሮፓ የተጫነ መኪና ባለቤቱ የሸጠበትን ወራት ጎማ እንዳጠለቀ ጂቡቲ ሊወርድ ይችላል። ስቶክሆልም ያለው ዘመዳችን ይህን ጎማ ቢያከብረው ግን ልክ ነው፤ በስዊድን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዶ ከያዘ የክረምት ጎማ ማሰር ግዴታ ነው። ጥፋቱ የጎማው አይደለም፤ አገሩን ለቆ መጥቶ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ዘመን አቆጣጠሩ ነው፤ ይኼኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ያናድደኛል። ጎማ ጎኑ ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ ረጅም ቁጥር አለው። መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኃዞች የልደት ቀኑ ናቸው፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 2316 ካለ በ2016 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ይህን የሚያነብ አዲስ አበቤ ደግሞ 2016 ሲል ትናንት የሆነ ይመስለዋል። ያ 2016 ግን የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 2008 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ መሆኑ ነው። ሻጩ ሳይዋሽ፣ ገዢውም ማንበብ ሳይሳነው፣ ስምንት ዓመት በመሃል ትሰወራለች።

ላስቲክ ደግሞ ተቀምጦም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር ውስጡን ያደርቁታል፤ ጥርሱ ሳይነካ ጎኑ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ፀጉር ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል። አንዳንድ መኪና አምራቾች ስድስት ዓመት የሞላውን ጎማ ጥርሱ ቢኖርም እንድትለውጡት ይመክራሉ፤ ትልልቆቹ ጎማ ሠሪዎች ደግሞ ከአሥር ዓመት አታሳልፉት ይላሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ሳያዩ መክፈል እንቁላልን ሳይሰሙት እንደ መግዛት ነው። ቁጥሩ በአንድ ጎን ብቻ የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል ጎማውን አዙራችሁ እዩት። አራቱንም እዩ፤ ሦስቱ መንታ ሆነው አራተኛው አጎታቸው የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ስለ መጠኑ ቶሎ ልለፍ። 195/65 አር 15 ቢል፣ 195 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ አር ራዲያል መሆኑ፣ 15 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ሰው የሚዘለው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፦ 91 ኤች ቢል አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ይሸከማል፣ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። ፍጥነቱ ለእኛ መንገድ ትርፍ ነው፤ ክብደቱ ግን አይደለም። አምስት ሰው፣ ከኋላ ጤፍ፣ ከላይ ፍራሽ የሚጫንበት አገር ነው። የመኪናው ጎማ 91 ከነበረ በርካሽ ያገኙትን 86 ማሰር ጎማውን አቅሙ ለማይችለው ጭነት መዳረግ ነው። ሚኒባስ ከሆነማ ለጭነት ለመሠራቱ ምልክት የሆነውን ሲ ፊደል ካላያችሁ አትግዙ።

ብዙ ጎማ ላይ ደግሞ በአሜሪካ ሕግ የሚቀረጹ ሦስት ውጤቶች አሉ። ትሬድዌር የሚለው ቁጥር የዕድሜ ግምት ነው፤ አምራቹ ራሱ ስለሚሰጠው አንዱን ኩባንያ ከሌላው ለማመዛዘን ብዙ አይታመንም። ትራክሽን የሚለው በእርጥብ አስፋልትና በእርጥብ ኮንክሪት ላይ ፍሬን ሲያዝ ያለውን አያያዝ ይለካል፤ ከድርብ ኤ እስከ ሲ ይወርዳል። ለሐምሌ የምፈልገው ፊደል ይሄ ነው። ቴምፐረቸር ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ነው፤ አዋሽን አልፎ የሚወርድ ሰው ኤ ከተጻፈበት ባይወርድ ይሻለዋል።

ወደ ቆላ መውረድ ካነሳን የአየሩ ነገር ይመጣል፤ እዚህ ላይ የብዙ ሾፌር ዕውቀትና የፊዚክስ ሕግ ይጣላሉ። ጎማ ሲነፋ መሣሪያው የሚያሳየው የውስጡ አየር ከውጪው ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የውጪው አየር ስስ ነው፤ 11 ፒ ኤስ አይ አካባቢ ይገፋል፣ ባሕር ጠለል ላይ ግን 14.7 ነው። 32 ተነፍቶ ጂቡቲ የወረደ ጎማ እንግዲህ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ፣ ከ28 ተኩል በታች ባሳየ ነበር። ሙቀቱ ግን ይለወጣል። በ15 ዲግሪ ንጋት ተነስቶ 40 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ የታሸገው አየር ይሰፋል፤ ቁልቁለቱ የወሰደውን ሙቀቱ ይመልሳል። ተቀናንሶ ያው 32 አካባቢ ይሆናል። ይህን ወረቀት ላይ አስልቼ ሳገኘው፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድ ዕዳ ከፍለው እንዳገኘሁ ነው የቆጠርኩት።

ይህ እንግዲህ የቆመ፣ የቀዘቀዘ ጎማ ሂሳብ ነው። እየተሽከረከረ ያለ ጎማ በራሱ መተጣጠፍ ይግላል፤ አራት አምስት ፒ ኤስ አይ ይጨምራል። መተሐራ ላይ ለምሳ የቆመ ሾፌር ጎማውን በእጁ ዳስሶ፣ «ግሏል፣ ሊፈነዳ ነው» ብሎ አየር የሚያስተነፍሰው ያን ጊዜ ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፦ አየር የጎደለው ጎማ ጎኑ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ በተጣጠፈ ቁጥር ይበልጥ ይግላል። ልኩ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ የሚለካው ነው፤ ቁጥሩም በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ ለመኪናችሁ የታዘዘው አይደለም።

አየር በዝናብም ይፈርዳል። ናሳ በ1960ዎቹ ለአውሮፕላን ጎማ ያወጣው አንድ ግምት አለ፦ ውሃው ከጥርሱ ጥልቀት ሲበልጥ ጎማው ከመንገዱ ተነስቶ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት ከአየሩ ግፊት ጋር ይያያዛል። 32 ፒ ኤስ አይ ላለው ጎማ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ 20 ብቻ ከቀረው ወደ 74 ይወርዳል። የአዳማን የፍጥነት መንገድ በሐምሌ ዝናብ የሄደበት ሰው ሁለቱም ፍጥነቶች ምን ያህል ተራ እንደሆኑ ያውቃል። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥርስ አለው። ቦዮቹ ወለል ላይ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ እኩል ሲሆኑ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቷል፤ አውሮፓም ከዚህ በታች አያስነዳም። እኔ 3 ሲቀረው ነው የምለውጠው፤ ገንዘብ ስላለኝ ሳይሆን ጎርፉን ስለማውቀው።

ገንዘቡ ለአራት ሳይበቃ ሁለት ብቻ የሚገዛ ሰው የት ያስራቸዋል? አብዛኛው ሰው ከፊት ይላል፤ ሞተሩም መሪውም ከፊት ነውና ምክንያቱ የሚጥም ይመስላል። ሚሽሊንን የመሰሉ ጎማ ሠሪዎች ግን ከኋላ ይላሉ፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የፊቱ ጎማ ሲንሸራተት መኪናው አልታጠፍ ይላል፤ ነዳጅ ሲለቁ ይመለሳል። የኋላው ሲንሸራተት ግን ጭራው ቀድሞ ይዞራል፣ ያን ጊዜ መሪ ያዡ ተመልካች ነው።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ መንገዱ ላይ በዝቷል። ባትሪው ከባድ ነው፤ ሞተሩም ፔዳሉ ሲነካ ጉልበቱን በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ጎማ ይበላል። የሚፈልገው ጎማ ብዙ ጊዜ ኤክስ ኤል የሚል፣ ተጨማሪ ክብደት እንዲችል የተጠናከረ ነው። ብዙ ሰው የገዛው የፎልክስዋገን አይዲ 4 የኋላ ጎማው ከፊቱ ይሰፋል፤ የፊቱን ከኋላው እያቀያየሩ ዕድሜ ማራዘም እዚያ ላይ አይሠራም።

አዲስ ጎማ ከማሰሬ በፊት አሮጌውን ማንበብ ያስተማሩኝ የሰፈራችን ጎሚስታ ናቸው። መካከሉ ብቻ ያለቀ አየር በዝቶበታል፤ ሁለቱ ዳር ያለቀ አንሶበታል፤ አንዱ ዳር ብቻ ያለቀ አላይመንቱ ተዛብቷል። አላይመንቱ ሳይስተካከል የሚታሰር አዲስ ጎማ፣ ቀዳዳው ያልተደፈነ በርሜል ውስጥ ውሃ መሙላት ነው ይላሉ። ያን የበረዶ ጎማዬን ላስፈታ የሄድኩ ቀንም ጎንበስ ብለው ጥርሱን ዳሰሱ፣ ተራራውን አዩ፣ ቀና አሉና ሳቁ።

«ጋሼ፣ አሮጌዎቹን ለበረባሶ የሚወስዳቸው ይኖራል?» አልኳቸው።

አውራ ጣታቸውን ላስቲኩ ውስጥ ሰመጥ አደረጉት። «ይሄ እኮ ልጄ፣ ለስላሳ ነው። ለእግርም ክረምቱን አያወጣም።»