የሞተር ብስክሌት ጎማ ስንት ጊዜ ያገለግላል? ከጣርማበር እስከ ይፋት ቆላ ለሚጓዙ አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ የሚጓዝ ሞተር ብስክሌት ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተሠራውን ዋሻ ካለፈ በኋላ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም በአርማኒያ በኩል አድርጎ ሸዋ ሮቢት ይገባል። ደብረ ሲና በ2,700 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በመሆኑም አሽከርካሪው ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ ጉዞ ወደ 1,400 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል፤ ከደጋ ብርድና ጉምም ወደ ቆላ ሙቀት ይሸጋገራል።

ይህ መንገድ የሞተር ብስክሌት ጎማን የሚፈትኑ ሁኔታዎች በአንድ ላይ የሚገኙበት ነው። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀውም አሽከርካሪዎች የጎማቸውን ዕድሜ በምን እንደሚለኩ፣ ጎማ በምን ምክንያት እንደሚበላና መቼ መቀየር እንዳለበት ተረድተው የራሳቸውን፣ ከኋላቸው የሚያፈናጥጡትን ሰውና የሌላውን መንገደኛ ሕይወት ከአደጋ እንዲጠብቁ ለማገዝ ነው።

የጎማ ዕድሜ በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም

ለረጅም ጉዞ በሚያገለግሉ ከባድ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የሚገጠም የኋላ ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ8,000 እስከ 16,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። የፊት ጎማ በአብዛኛው ከዚህ የበለጠ ይቆያል። በአገራችን በብዛት የሚታዩት አነስተኛ የሞተር ጉልበት ያላቸው ሞተር ብስክሌቶች ክብደታቸውም ፍጥነታቸውም ዝቅ ያለ በመሆኑ ጎማቸው ከዚህ የረዘመ ርቀት ሊሄድ ይችላል። ይሁን እንጂ እነዚህ አኃዞች ግምቶች እንጂ ዋስትናዎች አይደሉም። አንድ ዓይነት ጎማ በሁለት ሞተር ብስክሌቶች ላይ ተገጥሞ አንደኛው የሌላኛውን እጥፍ ርቀት ሊሄድ ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት የአየር ግፊት፣ ጭነት፣ የፍሬን አያያዝ፣ የመንገዱ ሁኔታና የአየሩ ሙቀት ናቸው።

ለረጅም ጉዞ የሚሠሩ አንዳንድ ጎማዎች መሐላቸው ጠንከር ካለ፣ ጎንና ጎናቸው ደግሞ ለስለስ ካለ ጎማ የተሠሩ ናቸው። መሐሉ በቀጥታ መንገድ ላይ ቶሎ እንዳይበላ፣ ጎኑ ደግሞ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ አስፋልቱን በደንብ እንዲይዝ ታስቦ የሚደረግ ነው።

ቁልቁለትና ዳገት

በሽቅብ ጉዞ ሞተር ብስክሌቱን ወደፊት የሚገፋው የኋላ ጎማ በመሆኑ ይበልጥ የሚበላው እርሱ ነው። በቁልቁል ጉዞ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላል፤ የፍሬኑም ኃይል በአብዛኛው የሚያርፈው በፊት ጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ አሽከርካሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው የፊት ጎማውን ነው። ብዙዎች የኋላውን ጎማ በወቅቱ እየቀየሩ የፊቱን «ገና ነው» በማለት ያቆዩታል። በቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ሚዛንን መልሶ ለመያዝ ዕድል ሊኖር ይችላል፤ የፊት ጎማ ሲንሸራተት ግን አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ መውደቅ ነው።

ሞተር ብስክሌቱ፣ አሽከርካሪውና ከኋላው የተፈናጠጠው ሰው በአንድነት 250 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ 1,400 ሜትር ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት 10 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይህ ጉልበት በነፋሱና በሞተሩ ተቃውሞ ካልተያዘ የሚያርፈው በፍሬኑና በጎማው ላይ ነው። ማርሽን ዜሮ አድርጎ ወይም ሞተር አጥፍቶ መንከባለል ነዳጅ የሚቆጥብ ቢመስልም የሞተሩን የመያዝ ኃይል ያስቀራል፤ ፍሬን ያግላል፤ ጎማንም በከንቱ ይበላል። ትክክለኛው አሠራር ዳገቱ ይወጣበት በነበረው ዓይነት ዝቅተኛ ማርሽ መውረድና ሁለቱንም ፍሬኖች በመጠንና በቅደም ተከተል መጠቀም ነው። የኋላ ፍሬን በድንገት ተረግጦ ጎማው ሳይሽከረከር ከተጎተተ በአንድ ቦታ ላይ ጠፍጥፎ ይበላል፤ የተጎዳውም ቦታ ዳግም አይስተካከልም።

ሙቀት፣ ከፍታና የአየር ግፊት

«ቆላ ሲወረድ ሙቀቱ ጎማ ያፈነዳል» በሚል ሥጋት ከጉዞ በፊት አየር የሚቀንሱ አሽከርካሪዎች አሉ። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። በደብረ ሲና ከተማ ማለዳ በብርድ 28 ፒ ኤስ አይ የተሞላ ጎማ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሁለት ተቃራኒ ለውጦች ያጋጥሙታል። በአንድ በኩል በዝቅተኛው ቦታ የውጭው አየር ክብደት ስለሚጨምር በመለኪያ የሚነበበው ግፊት ወደ 2 ፒ ኤስ አይ ይቀንሳል። በሌላ በኩል የአካባቢው ሙቀት በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር ግፊቱ በተመሳሳይ ወደ 2 ፒ ኤስ አይ ከፍ ይላል። ሁለቱ ለውጦች በአመዛኙ ይጣጣላሉ። በጉዞ ላይ ከመሽከርከሩ የተነሣ የሚመጣው ተጨማሪ ሙቀትና ግፊት ደግሞ ጎማው ሲሠራ አስቀድሞ የታሰበበት ነው።

ጎማን በእርግጥ የሚያግለው የአየር ማነስ ነው። አየር ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም ውስጣዊ የክር ድሩን ከጎማው ያላቅቀዋል። ቆላማው አካባቢ ሲደረስ፣ ፍጥነት ሲጨመርና ጭነት ሲከብድ ጉዳቱ ይፋጠናል። ስለሆነም የአየር ግፊት መለካት ያለበት ጎማው በቀዘቀዘበት ጊዜ፣ ማለትም ከጉዞ በፊት ወይም ከቆመ ቢያንስ ከ3 ሰዓት በኋላ ነው። መጠኑም በአምራቹ መመሪያ ላይ ለአንድ ሰውና ለሁለት ሰው ተለይቶ በተመለከተው መሠረት ሊሆን ይገባል። በጉዞ መሐል የጋለን ጎማ ማስተንፈስ አይመከርም።

ጭነት

ከይፋት ቆላ ሽንኩርትና ማሾ፣ ከደጋው ደግሞ ሌላ ምርት በሞተር ብስክሌት ተጭኖ ሲመላለስ ይታያል። እያንዳንዱ ጎማ የሚሸከመው የክብደት መጠን በጎኑ ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ «100/90-17 55 ፒ» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ 100 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 90 የከፍታው መጠን ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 55 የክብደት መለያ ቁጥር ሲሆን ጎማው በተገቢው የአየር ግፊት እስከ 218 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል ያመለክታል። «ፒ» የሚለው ፊደል ደግሞ የመጨረሻ ፍጥነቱ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር መሆኑን ይገልጻል። አሽከርካሪዎች ጎማ ሲቀይሩ ከአምራቹ ከተወሰነው የክብደት መለያ ቁጥር ያነሰ መግጠም የለባቸውም።

ጎማው የሚበላበት መልክ ምን ይናገራል?

የጎማው አበላል ጉድለቱ የት እንዳለ ያሳያል፤ የሚከተሉትን ምልክቶች መለየት ይጠቅማል።

• የኋላ ጎማ መሐሉ ጠፍጥፎ ጎንና ጎኑ አዲስ ከመሰለ፣ ምክንያቱ ረጅም ቀጥተኛ ጉዞ ወይም ከመጠን ያለፈ አየር ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ከሜዳው መንገድ ወደ ጣርማበር ጠመዝማዛ ሲገባ ሞተር ብስክሌቱ ሲያጋድል የመንገዳገድ ስሜት ይፈጥራል።

• ጎንና ጎኑ ከመሐሉ ቀድሞ ከተበላ ወይም ጎኑ ከተሸበሸበ፣ የአየር ማነስን ያመለክታል።

• የፊት ጎማ ጥርሶች አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ እያሉ እንደ መጋዝ ከተበሉ፣ ተደጋጋሚ ኃይለኛ ፍሬን፣ የደከመ አሞርዛተር ወይም የተሳሳተ የአየር ግፊት ሊሆን ይችላል።

• በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ፣ የቸርኬው አቀማመጥ መስመሩን ስቶ እንደሆነ በባለሙያ መታየት ይኖርበታል።

• ጥርሱ ሳይበላ ጎኑ ላይ ስንጥቅጥቅ ካለ፣ ጎማው በዕድሜ ወይም በፀሐይ ተጎድቷል።

ዕድሜውን ከጎኑ ማንበብ

አዲስ ተብሎ የተገዛ ጎማ በመጋዘን ወይም በፀሐይ ላይ ለዓመታት የቆየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በጎማው ጎን «ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት የላቲን ፊደላት ጋር ከሚታዩት ምልክቶች መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች መመልከት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። አቆጣጠሩ የአውሮፓውያን በመሆኑ ወደ አገራችን አቆጣጠር መለወጥ ይገባል፤ ሳምንቱ ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ 8፣ 37 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 7 ይቀነሳል። ለምሳሌ «2318» ማለት የ2018 23ኛ ሳምንት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 2010 ዓ.ም. አልቆ ሰኔ የገባበት ሳምንት ነው።

የጎማ አምራቾች በአብዛኛው አንድ ጎማ አገልግሎት ከጀመረ 5 ዓመት ካለፈው በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፣ ከተመረተ 10 ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም እንዲቀየር ይመክራሉ።

መቼ መቀየር አለበት?

በጎማው ጥርሶች መካከል ባሉት ቦዮች ሥር ትንንሽ ከፍታዎች አሉ። ቦታቸው በጎማው ጎን በትንሽ ሦስት ማዕዘን ወይም «ቲ ደብሊው አይ» በሚሉ የላቲን ፊደላት ይመለከታል። በሞተር ብስክሌት ጎማ ላይ የእነዚህ ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ተበልቶ ከእነርሱ ጋር እኩል ሲሆን ጎማው አብቅቷል። ይህ ግን የመጨረሻው ወሰን ነው። ቦዮቹ ውኃ የሚያስወግዱ በመሆናቸው፣ በክረምት በጣርማበርና በደብረ ሲና ዝናብና ጉም ለሚጓዝ አሽከርካሪ ጥልቀታቸው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ መቀየሩ ይመረጣል። ሊሾ የሆነ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ደኅና መስሎ ቢታይም በመጀመሪያው ዝናብ አስፋልቱን መያዝ ይሳነዋል።

ከዚህ በተጨማሪ ጎማው ያበጠ፣ ክሩ የታየ ወይም ጎኑ የተቀደደ ከሆነ ኪሎ ሜትሩ ሳይጠበቅ ከአገልግሎት መውጣት አለበት። የጎን ቅድን በጎሚስታ አስጠግኖ ረጅም ጉዞ መውጣት ተገቢ አይደለም። የውስጥ ከመነዳሪ ያለው ጎማ ሲቀየርም ከመነዳሪውን አብሮ መቀየር ይገባል፤ የተለጠጠ አሮጌ ከመነዳሪ በአዲሱ ጎማ ውስጥ ታጥፎ ሊቀደድ ይችላልና። አዲስ ጎማ ገጽታው አንሸራታች በመሆኑ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታና ያለ ኃይለኛ ፍሬን መንዳት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጎማ መቀየር የሚገባው በረጅም ጉዞ ዋዜማ ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው።

ዓመታዊ ምርመራና የአሽከርካሪው ኃላፊነት

የጎማ ሁኔታ ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ በሚያልፉበት የቴክኒክ ምርመራ ከሚታዩ ጉዳዮች አንዱ ነው። ሆኖም ምርመራው በዓመት አንድ ቀን የሚካሄድ ሲሆን ጎማው ግን በየዕለቱ ይበላል። ለምርመራ ቀን ብቻ ደኅና ጎማ ተውሶ ገጥሞ ማለፍ ቦሎ ሊያስገኝ ይችላል፤ በቁልቁለት ላይ ግን ማንንም አያድንም።

በመሆኑም አሽከርካሪዎች በየሳምንቱና ከእያንዳንዱ ረጅም ጉዞ በፊት አምስት ነገሮችን እንዲያረጋግጡ ይመከራል፦ በቀዝቃዛ ጎማ የተለካ የአየር ግፊት፣ የሁለቱም ጎማዎች የጥርስ ጥልቀት፣ የጎን ስንጥቅና እብጠት፣ የተሰካ ሚስማር ወይም ስለት፣ እንዲሁም የጭነቱ መጠን። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ የአየር መለኪያና ጥቂት ደቂቃ ነው። ሞተር ብስክሌቱን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኙት የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት የጎማ ገጾች ብቻ ናቸው። ከጣርማበር በታች ባለው ቁልቁለት የአሽከርካሪውና የተሳፋሪው ሕይወት የሚያርፈው በእነዚህ ላይ በመሆኑ፣ ጎማን በወቅቱ መቀየር እንደ ትርፍ ወጪ ሊቆጠር አይገባም።