«ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት በፊት፦ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ውጤት አሰጣጥ ተረትና እውነታ

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ተዘግቶ ካርድ ሲሰጥ፣ ሰኔ ላይም ዓመቱ ሲያልቅ፣ በየቤቱ የሚቀድመው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው። መልሱ ግን ወላጅ ስለ ልጁ ትምህርት ማወቅ ከሚገባው ነገር ውስጥ ትንሹን ብቻ ይነግረዋል። ነጥብ እንዴት እንደሚሰጥና ክፍል ውስጥ ከተማሪ ምን እንደሚጠበቅ በቤትም በመምህራን ማረፊያም የምንቀባበላቸው እምነቶች አሉ። አንዳንዶቹ ልጆቻችንን ክፉኛ እየጎዱ ነው።

ተረት፦ ደረጃ የያዘ ልጅ ትምህርቱን ያውቃል

ደረጃ ልጁን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር እንጂ ከትምህርቱ ጋር አያስተያይም። አማካይ ውጤቱ 68 የሆነ ተማሪ አንደኛ የሚወጣበት ክፍል አለ፤ 89 ያመጣው አሥራ አምስተኛ የሚሆንበትም አለ። ሽልማት የሚገዛለት ግን ባለ 68ቱ ነው፤ ባለ 89ኙ ምን ነካህ ተብሎ ይገሠጻል።

አማካይ ውጤት ራሱ ብዙ ይሸፍናል። በሌሎቹ ትምህርቶች 85 እያመጣች በሒሳብ 48 ያገኘች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አማካይዋ ያማረ ነው፤ ቤተሰቡም ደስ ብሎት ካርዱን አጥፎ ያስቀምጣል። ያልገባት ሒሳብ ግን አብሯት ወደ አሥረኛ ይዛወራል፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስም ፊዚክሱን ያከብድባታል። ካርድ ሲመጣ ዓይን ቀድሞ ማረፍ ያለበት ዝቅተኛው ነጥብ በተጻፈበት መስመር ላይ ነው።

ተረት፦ ካርዱ ጥሩ ከሆነ የ12ኛ ክፍል ፈተና አያሰጋም

ከሁሉም በላይ ዋጋ ያስከፈለን እምነት ይህ ነው። ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ የቅበላው መጠን እየታየ ይቆረጥ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ጀምሮ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ሆነ። ያንን ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺሕ አልሞሉም፤ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበር። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺሕ በላይ የሆኑበት ጊዜም አለ።

እነዚያ ልጆች በሙሉ ለፈተናው የበቁት ከታችኛው ክፍል ጀምሮ በየዓመቱ ካርዳቸው ላይ «ተዛውሯል»፣ «ተዛውራለች» እየተባለላቸው ነው። በትምህርት ቤታቸው ሚዛን አላፊዎች ነበሩ። አገር አቀፉ ፈተና የበርካታ ክፍሎችን ትምህርት አንድ ላይ ስለሚጠይቅ፣ ሰፈሩም የለመዱት ስላልሆነ፣ ከክፍል ፈተና ቢከብድ አይደንቅም። መጽሐፍ ያልደረሳቸው፣ የትምህርቱ መምህር ሳይመደብላቸው ወራት ያለፈባቸው፣ በጦርነት ምክንያት የትምህርት ዘመናቸው የተቆራረጠባቸውም ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ ተደምሮ እንኳ ልዩነቱን አይሞላውም። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነቱን እየነገራቸው አልነበረም።

ቁጥሩ ለምን ያብጣል? ብዙ ተማሪ የጣለ መምህር ማብራሪያ ይጠየቃል፤ ብዙ ያሳለፈውን የሚጠይቅ የለም። ከፍለው የሚያስተምሩ ወላጆች ዝቅተኛ ነጥብ ሲያዩ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ። አዘኔታም አለ፤ 43 ያመጣውን ልጅ «ከሚደግምብኝ» ብሎ ሰባት ነጥብ የሚጨምርለት መምህር ክፋት አስቦ አይደለም። ነገር ግን ልጁ ያንን ሰባት ነጥብ ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ እርዳታ እንደማያስፈልገው ተነግሮት ነው የሚሄደው። አስጠኚ የሚፈልግለት የለም፤ ክረምቱንም ሲጫወት ያሳልፋል። እውነቱን የሚሰማው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ማስተካከያው ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው። እኔ ይህን ቸርነት ልለው አልችልም።

ተረት፦ ተከታታይ ምዘና ማለት ብዙ ትንንሽ ፈተና ነው

ተከታታይ ምዘና በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ውስጥ ተቀምጧል። ጥቅሙ መምህሩ በየመሐሉ ተማሪው ምን እንዳልገባው አውቆ ትምህርቱን እንዲያስተካክል ነው። በተግባር ግን ብዙ ቦታ ከፋይናሉ በፊት ነጥብ መሰብሰቢያ ሆኗል፦ ቴስት ከ10፣ ሚድ ከ20፣ አሳይንመንት ከ10፣ ደብተር ከ5። ነጥቡ ሮስተር ላይ ይሰፍራል፤ መምህሩ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሻገራል።

የቡድን ሥራ ከሁሉም የባሰ ነው። አንድ ልጅ ሌሊቱን ሲጽፍ ያድራል፤ አምስቱ ሽፋኑ ላይ ስማቸውን ያስገባሉ፤ ስድስቱም ከ10 ዘጠኝ ያገኛሉ። ከስድስቱ የአምስቱ ነጥብ ስለ እውቀታቸው የሚናገረው ነገር የለም። መምህሩ ሥራውን ሲረከብ ከቡድኑ ዝም ያለውን ልጅ አስነሥቶ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ብዙው ነገር ይስተካከል ነበር።

ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እስራኤል ውስጥ በአምስተኛና በስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ያካሄደችውና እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። አንዱ ቡድን ነጥብ ብቻ፣ ሌላው አስተያየት ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም እንዲያገኝ ተደረገ። በቀጣዩ ሥራ የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ነበሩ። ሁለቱም የተሰጣቸው ነጥብ ብቻ ከተሰጣቸው አልተሻሉም፤ ቁጥሩ ሲመጣ የአስተያየቱ ጥቅም ጠፍቷል።

በአምስት ክፍል 60፣ 60 ተማሪ የሚያስተምር መምህር 300 ወረቀት ላይ አስተያየት ይጻፍ ማለት ግፍ ነው። ግን ወረቀቱን በመለሰበት ቀን ብዙ ተማሪ የሳታቸውን ሦስት ጥያቄዎች ሰሌዳ ላይ ሠርቶ የስህተቱን መነሻ ማሳየት ይችላል። ለዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤ የሚታየው ለውጥም ከአንድ ተጨማሪ ቴስት ይበልጣል።

ተረት፦ ሥርዓት የሚያዘው ነጥብ በመቀነስ ነው

ለዘገየ፣ ዩኒፎርም ላጎደለ፣ ደብተሩን ላልሸፈነ ተማሪ ነጥብ መቀነስ ቀላል መሣሪያ ነው። አንድ ተማሪ ከ20 የሚታረሙ አራት ፈተናዎች ላይ 16፣ 16 አምጥቶ አምስተኛው ሥራው በመዘግየቱ ዜሮ ቢሰጠው ከመቶ 64 ይሆናል። ካርዱን የሚያነብ ሰው ልጁ መካከለኛ መሆኑን ያምናል፤ እሱ ግን ከትምህርቱ 80 በመቶውን ያወቀ፣ ሰዓት የማያከብር ልጅ ነው። ችግሩ ሰዓት ማክበር ላይ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ኬሚስትሪው ላይ ተሰጠ። ካርዱ ለጠባይና ለቀረበት ቀን የየራሳቸው ቦታ አለው። ጥፋቱ እዚያ ይጻፍ፤ ወላጅ ይጠራ፤ ቅጣት ካስፈለገም ይቀጣ። የኬሚስትሪ ነጥብ ስለ ኬሚስትሪ ይናገር።

«ጥብቅ መምህር ብዙ ይጥላል» የሚለውም ልክ አይደለም። ጥብቅ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደሚጠብቅና ምን እንደሚያርም በግልጽ የሚናገር፣ የተናገረውንም ለሁሉም እኩል የሚፈጽም ነው።

ተረት፦ ጸጥ ያለ ክፍል የሚማር ክፍል ነው

ዝምታ ከመከባበርም ከፍርሃትም ይመጣል። ትልቅ ሲናገር ማዳመጥን እያስተማርን ስለምናሳድጋቸው ብዙ ተማሪዎች አልገባኝም ማለት ድፍረት ይመስላቸዋል፤ ልጃገረዶች ላይ ደግሞ ይብሳል። አሜሪካዊቷ ሜሪ በድ ሮው መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይታለች። ጥበቃው ሦስት ሰከንድ ሲደርስ መልሶቹ ይረዝማሉ፤ እጅ የሚያወጡ ይበዛሉ፤ «አላውቅም» የሚሉትም ይቀንሳሉ። መጽሐፍ ለጎደለበት፣ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ማሻሻያ ነው።

ተረት፦ የታረመ ወረቀት ይታየኝ ማለት መምህርን መድፈር ነው

አይደለም። ድምር ይሳሳታል፤ ወረቀት ይቀላቀላል፤ ከብዙ ክፍል ወደ ሮስተር የሚገለበጥ ነጥብ መስመር ይስታል። ነጥብ ልመና ከሄዱ መምህሩ ቢቆጣ እውነት አለው። በአክብሮት «መምህር፣ ልጄ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው የደከመችው?» ብሎ የሚመጣ ወላጅ ግን ከጥሩ መምህር ዘንድ ሁልጊዜ መልስ ያገኛል። ጊዜውን መምረጥ ያስፈልጋል። ካርድ የሚሰጥበት ቀን ግቢው ይጨናነቃል፣ ሮስተሩም ተዘግቷል። ሚድ ታርሞ በተመለሰ በሳምንቱ ከተሄደ ፋይናሉ ገና ነው፤ ልጅቷም የደከመችበትን ምዕራፍ መልሳ ለማጥናት ሳምንታት አሏት።