በሕክምና ላይ ላለ ሕፃን የሚያስፈልገው ስንቅ

የምኖርበት ሰፈር «ቃሊቲ ማረሚያ ቤት» ይባላል፤ የታክሲ ረዳቶችም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ልጅ ሳለሁ ሳህን በጨርቅ ቋጥረው፣ ፔርሙስ አንጠልጥለው ለታሰረ ዘመዳቸው ስንቅ የሚያደርሱ ሰዎች በደጃችን ሲያልፉ አይ ነበር። እናቴም «የታሰረ ሰው ከእንጀራው ይልቅ እንጀራውን ይዞ የመጣውን ሰው ይናፍቃል» ትለኝ ነበር። የቃሏ ትርጉም በሚገባ የገባኝ ግን በማረሚያ ቤቱ በር ሳይሆን በአንድ ሕፃን አልጋ አጠገብ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ስድስት ዓመት እንደ ሞላው ፊቱ እየገረጣ፣ ትኩሳቱ እየተመላለሰ፣ ድዱ እየደማ፣ ሳይወድቅ እግሩ እየበለዘ ሄደ። አንዱ ወባ ነው አለ፤ ሌላው ታይፎይድ ነው አለ፤ ቡዳ ነው ያለም አልጠፋም። በመጨረሻ ደሙ ተመርምሮ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተላከና የደም ካንሰር መሆኑ ታወቀ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቻችን ሞቱ የተነገረን መስሎን አለቀስን። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም ያ ልቅሶአችን ከዕውቀት ማነስ የመጣ መሆኑን መረዳቴ ነው።

በመጀመሪያ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ደማችን የሚመረተው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ከዚያ የሚወጡት ቀይ ሕዋሳት አየር ወደ ሰውነታችን ያደርሳሉ፤ ነጭ ሕዋሳት ከተሕዋስያን ጋር ይዋጋሉ፤ ፕላትሌት የሚባሉት ደቃቅ ክፍሎች ደግሞ ደም እንዳይፈስ ቁስሉን ይደፍናሉ። ሉኪሚያ ወይም የደም ካንሰር ሲይዝ ያልበሰሉና የማይረቡ ነጭ ሕዋሳት መቅኔውን ያጥለቀልቁታል፤ ጤነኞቹም መፈጠሪያ ቦታ ያጣሉ። ስለዚህ ሕፃኑ ይገረጣል፤ ትኩሳት ይመላለስበታል፤ ይደማል። በልጆች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች በብዛት አንደኛው ይኸው ነው።

ይህ ሕመም ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በፊት መድኃኒት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲድኒ ፋርበር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ሕመሙ ለጊዜው ወደ ኋላ የተመለሰላቸውን ሕፃናት ለዓለም አስታወቁ። ቀጥሎም በማዳጋስካር ከሚበቅል አበባ ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት ተገኘ። ሐኪሞች ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን አጣምረው መስጠትን ሲማሩ መዳን ተቻለ። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከመቶ 80 የሚበልጡት ይድናሉ። በብዙ ድኻ አገሮች ግን የሚድኑት ከመቶ 30 አይሞሉም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዕቅድ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ በዓለም ዙሪያ ቢያንስ ከመቶ 60ው እንዲድኑ ግብ አድርጓል።

ታዲያ ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? ሕመሙ ዘግይቶ መታወቁና የመድኃኒት እጥረት ትልቅ ምክንያቶች ናቸው። ሌላም አለ፤ ይኸውም ሕክምናውን ጀምሮ ማቋረጥ ነው። የጎረቤታችንም ልጅ ለዚሁ አደጋ ተጋልጦ ነበር። በመጀመሪያው ወር ከታከመ በኋላ ፊቱ ቀላ፤ መጫወትም ጀመረ። እናቱ ወደ እናቴ መጥታ፣

«እግዜር ይመስገን፣ ድኗል። ያለኝን ሁሉ ጨርሻለሁ፤ ደኅና የሆነውን ልጅ እንደ ገና በመርፌ ለምን አሠቃየዋለሁ?» አለች።

እናቴም የምትመልሰው ጠፍቷት ዝም አለች። በማግስቱ ግን ሦስታችን አብረን ሄደን ነርሷን ጠየቅን። ነርሷም፣ «እትዬ፣ ሰርዶ ታውቂያለሽ? ከላይ ቢያጭዱት ማሳው የጸዳ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ከመሬት ውስጥ አለ። አሁን ከላይ ታጭዷል፤ የቀረን ሥሩን መንቀል ነው» ብላ አስረዳቻት። በእርግጥም ከመጀመሪያው ወር በኋላ በማጉያ መነጽር የማይታዩ ብዙ የታመሙ ሕዋሳት ይቀራሉ፤ ስለዚህ ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል። መኻል ላይ ቢቋረጥ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፤ የተመለሰውንም ማዳን ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል። የገጠር ልጅ የሆነችው እናት ሰርዶውን ታውቀዋለችና ልጁን ይዛ መመላለሷን ቀጠለች።

መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲገድል ጤነኛውንም የደም ሕዋስ ስለሚቀንስ በቤት ውስጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የሕፃኑ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያሻል። የሚዋጋለት ነጭ ሕዋስ ሲያንስ ተራ የሚመስል ትኩሳት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊገድለው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሕፃኑን የሚነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጉንፋን የያዘው ሰው፣ ይልቁንም ኩፍኝ ወይም ጉድፍ የወጣበት ልጅ ወደ እርሱ አይቅረብ። ወደ ሕክምና ሲሄድም በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ አፍና አፍንጫውን መሸፈን ይጠቅመዋል።

ሦስተኛ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ያልተፈላ ወተትና ያልጠራ ውሃ አይሰጠው። መድኃኒቱ አፉን ሲያቆስለው በርበሬው ይቅርና አጥሚት፣ ገንፎ፣ አልጫ ሽሮ ይቅረብለት፤ አፉንም ለብ ባለ የጨው ውሃ ይጉመጥመጥ።

አራተኛ፣ ሐኪም ያላዘዘው መድኃኒት ወይም የአገር ባህል መድኃኒት አይጨመርበት። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም፤ ነገር ግን ወደ ጸበል ለመሄድ ሲባል የመድኃኒቱ ቀጠሮ መታለፍ የለበትም፤ የሚጠጣውም ውሃ ቢሆን ለሐኪሙ ቢነገር መልካም ነው።

ካንሰር ሳይሆኑ የደም ሕመም የሆኑም አሉ። ለምሳሌ ሂሞፊሊያ ደም የሚያረጋው ነገር ከመጉደሉ የተነሣ የሚመጣ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ወንዶችን ይይዛል። እንዲህ ያለው ልጅ በትንሽ ግጭት ጉልበቱ ውስጥ ደም ይቋጥራል። አስፕሪን አይሰጠውም፤ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌም ይከለከላል፤ ጥርስ ከማስነቀሉና ከመገረዙ በፊት ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል።

ሐኪም ቤት የማይፈጥረው፣ ከሰው ብቻ የሚገኝ መድኃኒትም አለ፤ እርሱም ደም ነው። ፕላትሌት ከተለገሰ በኋላ የሚቆየው አምስት ቀን ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለጋሽ በየሳምንቱ ያስፈልጋል። በአገራችን ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱም ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። እኔም ዘንድሮ 18 ዓመት ሲሞላኝ ወደ ደም ባንክ ሄድሁ። ፈርቼ ነበር፤ ነገሩ ግን ብስኩቴን በልቼ እስክጨርስ ከፈጀብኝ ጊዜ ብዙም አልበለጠም።

ከክፍለ ሀገር ለሚመጡት ደግሞ ችግሩ ማደሪያ ነው። አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸው ማቴዎስ በደም ካንሰር ከሞተባቸው በኋላ ኀዘናቸውን ወደ ሥራ ለውጠው እ.ኤ.አ. በ2004 ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ልጆቻቸውን በካንሰር ያስታመሙ ወላጆችም ተስፋ አዲስ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። እነዚህ ድርጅቶች ለድኻ ታማሚዎች ማደሪያና ልዩ ልዩ ርዳታ ይሰጣሉ። ሕክምናውም ከአዲስ አበባ ውጭ በጅማና በጎንደር ተጀምሯል፤ ይህም የብዙ እናቶችን መንገድ አሳጥሯል።

የእኛ የተማሪዎቹ ድርሻስ? ካንሰር አይተላለፍም። ከታመመ ልጅ ጋር መጫወት፣ መማርና በአንድ መሶብ መብላት አይጎዳንም፤ መጠንቀቅ ያለብን እኛ የያዘንን ጉንፋን ለእርሱ እንዳንሰጠው ነው። ጠጉሩ የረገፈው በመድኃኒቱ ነውና ሕክምናው ሲያበቃ ይበቅላል፤ በእርሱ መሣቅ ነውር ነው። ጎረቤታችንም የልጇን ሕመም ለወራት ደብቃ ነበር። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ ነገር ግን የሚያስደብቃት የእኛ ሹክሹክታ ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው?

ሕፃኑ አሁን በሁለተኛው ዓመት ሕክምና ላይ ነው። ገና አልጨረሰም፤ ከፊቱ ብዙ መርፌ አለ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እጄን ታጥቤ ፊደል አስቆጥረዋለሁ። ባለፈው ሳምንት «መ» ላይ ደርሶ፣ «ትምህርት ቤት ስገባ ይሄን አውቀዋለሁ በላቸው» አለኝ። ውድ አንባብያን፤ እነሆ ነገርኋችሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ የአንዲትን እናት ሸክም ተካፍለን ይህን ልጅ ከትምህርት ቤታችን በር እናድርሰው።